የአርባ ቅዳሜ ጋቢ

ግቢ ሐምዲያ፣ ግቢ! ምን በር ላይ ያስቆምሻል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወደዚህ ወደ ጥላው በኩል ነይ… እንግዳችን ትንሽ ጠጋ ይሉልሻል። እንዲያው ዘንድሮ ሮቢትን ምን ነካት? ኅዳር ሲገባ ሙቀቱ ጋብ ይላል ስንል ጭራሽ ባሰባት። ወንዙም ከጉልበት በታች ወርዷል አሉ። ማሽላሽስ እንዴት ነው? ወፉ ጨረሰው? የእኛንማ ዘውዴ ከተኛ ወዲህ ማን ይጠብቀዋል፣ ወፍ እንደ ልቧ እየበላችው ነው። ትብላ፣ እሷም የእግዜር ፍጥረት ናት።

ባሌማ ደህና ነው፣ ተመስገን። አሁን ገና ሸለብ አደረገው፣ ቀስ ብለን እንጫወት። ጋሼ ሷሊሕ ወጌሻው ጠዋት መጥተው ሸምበቆውን ፈተው እንደገና አሰሩለት። ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው፣ ጭኑ ላይና ከጉልበቱ ሥር። «አጥንቱ ቆዳ አልበሳም፣ አልሐምዱሊላህ በይ» አሉኝ። እኔም አልኩ። ልክ አንቺ እንደምትዪው አድርጌ አልኩ። ማክሰኞ ዕለት በቃሬዛ ሲያመጡት ሞቷል ብዬ ፀጉሬን ነጭቼ ነበር፤ ዛሬ እሑድ ይኸው ቁጭ ብዬ ብርዝ እቀዳለሁ። እንኪ ጠጪ፣ ያልፈላ ነው፣ ላንቺ ብዬ ነው ያስቀረሁት።

እንግዳችንም ይጠጡ እንጂ! ምነው፣ ብርጭቆውን ይዘው ቀሩ? የታመመ ሊጠይቁ ያን ሁሉ መንገድ በበቅሎ መጥተው… ያውም በዚህ ሐሩር ጋቢ ደርበው። ማዕረግ ነው፣ ምን ይደረጋል። ለማዕረግ ሲባል ትንሽ ማላብም አለ። ይጫወቱ፤ የሁለት ሴት ወሬ ነው፣ ጆሮ አይስጡን።

እና ሐምዲያ፣ ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ። ስለ አንድ ደግ ሰው ላጫውትሽ ነበር። ስማቸውን አልጠራልሽም። ለምን መሰለሽ? ሰውን በስሙ ጠርቶ ማመስገን ዓይን ያስገባል። አንቺም ገምተሽ እንኳ ብትደርሺበት በሆድሽ ያዢው። ደግ ሰው እንደሆነ ስንት አለን? እንኳንስ በምላሳችን ልናስቀስፋቸው!

ጣሊያኖቹ ያንን ባለ ሦስት ፎቅ የጥጥ መጋዘን ሠርተው የጨረሱ ዕለት ታስታውሺያለሽ? አሳንሱር የሚሉትን ትልቅ ሳጥን በብረት ገመድ አንጠልጥለው፣ ጆንያውን ከምድር ወደ ላይ ሲስቡት ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ ወጥቶ አልነበር? አንቺ «ያ ረቢ» ብለሽ ዓይንሽን ሸፈንሽ። እኔን ግን የገረመኝ ሳጥኑ አይደለም። የገረመኝ ወረቀቱ ነው። ግድግዳው ላይ በአራት ምስማር የተመታው ሕግ። በገዛ አገሩ መሽቶ ከቤቱ እንዳይወጣ ለተከለከለ ሕዝብ፣ ሳጥን ወድቆ እንዳይጎዳው የሚጨነቅ ሕግ! አየሽ እንዴት እንደሚያስቡልን… ሰው በጥይት እንጂ በሳጥን እንዲሞት አይፈልጉም።

ያንን ወረቀት ያነበቡልን እኚሁ ደግ ሰው ናቸው። ጣሊያንኛውን እያዩ በአማርኛ ሲያንቆረቁሩት! ድምፃቸው ራሱ ቅዳሴ ነበር። «ሰው አይሳፈርበትም። ከአምስት ኩንታል በላይ አይጫንበትም። በሩ ሳይዘጋ አይነሣም። ከመነሣቱ በፊት ደወል ይደወላል። ገመዱ በየቅዳሜው ይመረመራል፣ የመረመረው ሰው በመዝገብ ይፈርማል።» እኔ እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ካነባበባቸው ማማር የተነሣ። ካቦ ተብለው በሳጥኑ ላይ የተሾሙትም ለዚሁ ነው። ሕጉን እንዲጠብቁ። እንዲያ ያለ ሕግ አዋቂ ሌላ ከየት ይመጣል?

ደግሞም ጠበቁት! ሰው ዝም ብሎ ያማል እንጂ።

ደወሉን አስቢ እስቲ። መጀመሪያ ሰሞን ሳጥኑ ሊነሣ ሲል ቅል ቅል ቅል እያለ እዚህ ግቢ ድረስ ይሰማ ነበር። ሁለት ሳምንት ጮኸና ዝም አለ። እኔ ቂሊቱ «ተሰበረ» ብዬ ነበር። አንድ ማለዳ ገበያ ስወርድ ከኋላዬ ቅል ቅል ሲልብኝ፣ ሳጥኑ መጣብኝ ብዬ ዘልዬ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቀና ብዬ ባይ… የእሳቸው በቅሎ! ደወሉ አንገቷ ላይ፣ እንዴት አምሮባት! በኋላ ሳስበው ልክ ናቸው አልኩ። ሳጥን አንድ ቦታ ተገትሮ ነው የሚውለው፤ በቅሎ ግን አገር ታቋርጣለች። ሰው እንዳይረገጥ ማሰብ ይሄ ነው። አትሳቂ ሐምዲያ፣ ዘውዴን ትቀሰቅሽብኛለሽ።

የሳጥኑ በርስ? ያ ፍርግርግ ብረቱ? «ሳይዘጋ አይነሣም» ነው የሚለው ሕጉ። ተዘግቷላ! ከሳጥኑ ተነቅሎ ሄዶ፣ ቀወት ባለው ቤታቸው የፍየሎቹ ጉረኖ ላይ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ጅብ መጥቶ ቢገፋው ቢገፋው እምቢ ብሎት ተመልሷል አሉ። እና ሰው «ሕግ የለም፣ ሕግ ጠፋ» ሲል እበሽቃለሁ። ምን ጠፋ? አንድም ሳይጎድል እሳቸው ቤት ገብቶ ተቀምጧል። በይፋት ቆላ እንደዚያ ቤት ከአደጋ የተጠበቀ ቤት አሳዪኝ እስቲ። እዚያ ቤት እስከ ዛሬ አንድም ፍየል ከአሳንሱር ወድቃ አታውቅም።

ደግነታቸው ደግሞ… ደግነታቸውን ተይው! ሰው አይሳፈርበትም የሚለውን አንብበውልን የለ? መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹም በሕጉ ነበር የሚሠሩት፤ ጆንያው በሳጥን፣ ሰው በደረጃ። ታዲያ እሳቸው አንጀታቸው አልቻለም። «እናንተ ደረጃ ስትቆጥሩ ጥጡ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ግቡና ከጆንያው ጋር ውጡ» አሉ። ባልሽ አብዱልመጂድም እኮ ገብቷል፣ ነግሮሻል። ዘውዴ እንደምታውቂው ድርቅ ያለ ሰው ነው፣ «ወረቀቱስ?» አላቸው። «ወረቀቱን ያነበብኩልህ እኔ አይደለሁም?» አሉት። እውነታቸውን ነው፣ ያነበበ ያውቃል። «የማይገባ ነገ ሥራ አይምጣ» ብለውም ጨመሩለት። ይሄ እንኳ የወንድም ምክር ነው።

እንግዲህ በር በሌለው፣ ደወል በሌለው ሳጥን ውስጥ ባሌ ዓመት ሙሉ ወጣ ወረደ። ማክሰኞ ዕለት ከአራት ጆንያ ጋር ገብቶ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ገመዱ ተበጠሰ። አብዱልመጂድ ከታች ሆኖ ሰምቶታል፣ ጅራፍ ሲጮህ ይመስል ነበር ብሎኛል። ጆንያዎቹ ከሥሩ ባይሆኑ ኖሮ… ተይው፣ አልናገረውም። ጥጥ ነው ባሌን ያተረፈው። ጥጥ በቦታው ከዋለ ሰው ያተርፋል።

ያን ጊዜ ከሁሉ ቀድመው የሮጡት ማን መሰሉሽ? እኚሁ ደግ ሰው! እንዲያ ሲሮጡ አይቷቸው የሚያውቅ የለም አሉ፣ ጫማቸው እንኳ አንዱ ወልቆ ቀርቷል። ወደ ዘውዴ ግን አልነበረም… ወደ መዝገቡ። መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ነው ጣሊያኑ ቢሮ የገቡት። ገልጠው አሳዩት። «ቅዳሜ፣ ገመዱ ተመረመረ፣ ደህና ነው።» ፊርማ። «ቅዳሜ፣ ገመዱ ተመረመረ፣ ደህና ነው።» ፊርማ። ሃምሳ ሁለት ቅዳሜ፣ ሃምሳ ሁለት ፊርማ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ያማረ። በዓመት አንዲት ቅዳሜ እንኳ አልታመሙም፣ ለቅሶ አልሄዱም፣ አልሰነፉም። ይሄን ከየትኛው ሰው ታገኛለሽ?

ጣሊያኑ ታዲያ፣ በር ላይ የነበሩት እንደነገሩኝ፣ «ቅዳሜ ደህና የነበረ ገመድ ማክሰኞ እንዴት ይበጠሳል?» አለ። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። እሳቸውም አቀርቅረው፣ አዝነው፣ እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረው… «ሰው ካልቆረጠው በቀር» አሉ።

ልብ በይ፣ «ዘውዴ ቆረጠው» አላሉም። ኧረ በማርያም! እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አፍ ይወጣል? «ሰው» ነው ያሉት። «ሰዎቹን አትግቡበት ብዬ ነበር፣ እሱ ግን እምቢ ብሎኝ ገባ» አሉ፤ ይሄ እንኳ የረሱት ነው፣ ብዙ ሥራ ያለው ሰው ይረሳል። ከዚያ ሲወጡ ደግሞ እንዲያው ጨዋታ ለማሳመር ብለው «የሚስቱ ወንድም ጫካ ገብቷል ይባላል» ብለው ጣል አደረጉ። ወንድሜን ማንሣታቸው እኮ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ እንኳ ስሙን በዚህ ግቢ ጠርቼው አላውቅም፤ እሳቸው አልረሱትም።

ነገ ሰኞ መርማሪው፣ ያ ወረቀቱ ሲለጠፍ የመጣው ጣሊያን፣ ከደብረ ብርሃን ይመጣል። ነገሩ አጭር ነው ሐምዲያ፣ አንቺም ይገባሻል። መዝገቡ እውነት ከሆነ ዘውዴ ገመድ ቆራጭ ነው። ገመድ የቆረጠ ደግሞ ከጫካዎቹ ጋር የተላላከ ነው ይባላል። ጣሊያኖቹ በካሚዮን ጭነው ከወሰዱት ሰው ሲመለስ ያየሽው አለ? እኔ አላየሁም። እግሩ በሸምበቆ የታሰረ ሰው እንዴት አድርገው ካሚዮን ላይ እንደሚያወጡት፣ ያንን ብቻ ነው የማስበው። ማን ጭኑን ይደግፍለታል? ጋሼ ሷሊሕ አብረው አይሄዱ።

ግን አልፈራሁም። ለምን እፈራለሁ? እንዲህ ያለ ደግ ሰው በአገር እያለ!

ይልቅ ስለ ጥጡ ላጫውትሽ። ገመዱ በምን እንደሚመረመር ታውቂያለሽ? ያኔ ወረቀቱ ሲለጠፍ መርማሪው ራሱ እዚያው ቆሞ አሳይቷል። እንዴት ቀላል መሰለሽ፣ እኛ ብንሾምበት በእንቅልፍ ልባችን እንሠራው ነበር። ሞተሩ ይቆማል። ንጹሕ ባዘቶ በእጅ ይያዝና ገመዱ ከላይ እስከ ታች ይታሻል። ገመዱ ደህና ከሆነ ባዘቶው በግራሶ ጠቁሮ ይወርዳል እንጂ አይያዝም። አንዲት የብረት ክር ተበጥሳ ከሆነ ግን ጥጡን ቀጨም ታደርገዋለች። ስድስት ቦታ ከያዘ ገመዱ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት እፍኝ ጥጥ።

ጥጡን ማን ያዘጋጅ ሲባል ደግሞ «አበራሽ ታዘጋጅ፣ የዘውዴ ሚስት፣ ፈታይ ናት፣ እጇም ንጹሕ ነው» ተባለ። እኔ ኮራሁ! በየዓርቡ ፍሬውን አውጥቼ፣ በደጋን ነድፌ፣ ጠቅልዬ፣ በቀይ ክር አስሬ እልካለሁ። ቀዩን ክር ያመጣው መርማሪው ነው፣ ከአገሩ፣ በአንድ ትልቅ ጥቅል። «ይህ ክር የገመዱ ጥጥ ማሰሪያ ብቻ ነው፣ ከሌላ ጥጥ እንዳይቀላቀል» ብሎ በአስተርጓሚ ነገረኝ። አስተርጓሚው ማን እንደነበሩ አልነግርሽም። እንዲያ ያለ ቀይ በእኛ ገበያ የለም፣ ካራቆሬ ድረስ ብትሄጂም አታገኚም፤ ዓይን ይወጋል።

ታዲያ ከሦስት ወር በፊት የእኚህ ደግ ሰው ባለቤት አንድ አቁማዳ አሸክማ መጣች። «አበራሽ፣ እጅሽ ቀጭን ነው፣ ለጋቢ ፍተይልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ አቁማዳውን ስፈታ… የገዛ ባዘቶዬ! አርባ ጥቅል። በገዛ ቀይ ክሬ እንደታሰረ። አንዱ እንኳ አልተፈታም። ግራሶ የለበት፣ አቧራ የለበት። አርባ ቅዳሜ ሙሉ ከእኔ እጅ ወጥቶ፣ በመዝገብ ተፈርሞበት፣ ንጽሕናውን ጠብቆ ወደ እኔ እጅ ተመለሰ። ጥንቃቄ እኮ ነው! ሌላው ሰው ቢሆን ጥጡን ገመድ ላይ አሽቶ ያቆሽሸው ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። «ገመዱ ሌላ ጥጥ አግኝቶ ይሆናል» ብዬ ራሴን አታለልኩ፣ ሴትዮዋን ማስቀየም ፈራሁ፣ አርባውንም ቋጠሮ አንድ በአንድ ፈትቼ ፈተልኩት። ይህቺን አልቀልድባትም ሐምዲያ፣ ሆዴን ታቃጥለኛለች። ባሌ በዚያ ገመድ ሲንጠለጠል እኔ የገመዱን ጥጥ ለሌላ ሰው ትከሻ እፈትል ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው፣ ነገም ከጠየቁኝ እንዲሁ ብዬ ነው የምናገረው።

ቀዩን ክር ግን ልጥለው አላስቻለኝም፣ አንጀቴ እምቢ አለ። ያን የመሰለ ቀይ! አርባውን ክር ጫፍ ለጫፍ ቋጠርኩና ለሸማኔው ለጀይላን «በጋቢው ጠርዝ አስገባላቸው፣ ያምርባቸው» ብዬ ሰጠሁት። በተንኮል አይደለም፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ያኔ ዘውዴ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር። ጀይላንም እጁ ይባረክ፣ ቀጭን ቀይ ጥለት አወጣለት። በዓይን ሲያዩት ለስላሳ ነው፣ በጣት ሲዳስሱት ግን ቋጠሮው ይነካል… አንድ ቅዳሜ፣ ቋጠሮ፣ ሌላ ቅዳሜ፣ ቋጠሮ። ባለጋቢውም «ቀይ ጥለት የሹም ነው» እያሉ ገበያ ለገበያ ዞሩበት አሉኝ። የቀሩት አሥራ ሁለት ቅዳሜዎች ደግሞ ትራስ ሆነዋል፣ ባለቤታቸው ራሷ ናት የነገረችኝ። እንቅልፍ እንዴት ድብን አድርጎ እንደሚወስዳቸው አሁን ገባሽ? ገመድ ካልነካ ጥጥ የሚሻል ምን አለ!

ውይ፣ እንግዳችን! ምነው ጋቢውን ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፉት? ሞቀዎት እንዴ? ልክ ነዎት፣ በዚህ ሐሩር ጋቢ የሚለብስ ሰው በሮቢት አንድ ብቻ ነው… ይቅርታ፣ ሁለት። እርስዎና ያ ደግ ሰው። ይጠጡ፣ ብርዙ ሞቀ እኮ።

ዘውዴን ታዲያ ምን አልኩት መሰለሽ? እንዲያው ከመጣ ጀምሮ ጣሪያ ጣሪያ እያየ «ወሰዱኝ አበራሽ» ይለኛል። «አትፍራ፣ ሰውየው አይጥልህም» አልኩት። «ሕግ የሚወድ ሰው ነው። ዛሬ እሑድም ቢሆን የጣሊያኑ ቢሮ ሰው አያጣም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብቶ ‹ገመዱን መርምሬው አላውቅም፣ ሰዎቹንም ግቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ› ይላል፣ ነገሩ ያልቃል» አልኩት። ያን ሁሉ ወረቀት ያንቆረቆረ ድምፅ ይህቺ ትከብደዋለች? ምን ያደርጓቸዋል? ከካቦነት ያነሷቸው ይሆናል። ደወሉን ይቀሟቸው ይሆናል። ፍየሎቹም ትንሽ ይበርዳቸዋል። ግን የሚወሰድ ሰው አይኖርም። ዘውዴ ምን አለኝ? «አንቺ ሰው ታምኛለሽ» አለኝ። እኔ አምናለሁ! ሰው እቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ብርዜን ጠጥቶ፣ ባሌ ሲያቃስት ቁጭ ብሎ ሰምቶ… እንዴት አላምንም?

ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ እንግዳችን ይሰማሉ ብለሽ አትፈሪ። «ባይሄዱስ?» ነው ያልሽው? ባይሄዱማ ነገ መርማሪው ፊት ይቀርባሉ፣ ያው እንደ ማዕረጋቸው ጋቢያቸውን ለብሰው። ሰውየው ክሩን የሚረሳው ይመስልሻል? ራሱ አይደለም ከባሕር ማዶ ያመጣው? «ይህ ጠርዝ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ምን አውቃለሁ? ያሰርኩትን አውቃለሁ፣ የፈታሁትን አውቃለሁ፣ የፈተልኩትን አውቃለሁ። ጀይላንም የሸመነውን ያውቃል፣ ትናንት ሄጄ አነጋግሬዋለሁ፣ በቁርአን እምላለሁ ብሏል። ጣሊያን ለእኛ ቃል ደንታ የለውም፣ ይሄ አይጠፋኝም። ለገዛ ክሩ ግን ደንታ አለው።

ሳይለብሱት ቢቀርቡስ? ይሄም ይታሰባል። ግን አገር ያየው ጋቢ ድንገት የት ገባ ይባላል። ቢያቃጥሉት ጥጥ ሲነድ ሽታው አገር ያዳርሳል። ትራሱስ? ባለቤታቸው «እንቅልፌን አልሰጥም» ብትልስ? አይ፣ እንዲህ ያለ ነገር እሳቸው አያስቡም። እኔ ነኝ ክፉ ክፉውን የማስበው፣ መከራ ሰው ያከፋል።

ኧረ ሊነሡ ነው እንግዳችን? እንዲህ ተቻኩለው? ዘውዴን ሳያዩት? ነው፣ ተኝቷል፣ እውነትዎን ነው፣ ባይቀሰቅሱት ይሻላል። በቅሎዎንም ውሃ አላጠጣናትም፣ አፈርኩ። ደወሏን እየሰማሁ ነበር፣ ውጭ ቆማ እንዴት እንደምታሳዝን…

ቆይ፣ ቆይ! ጋቢዎን ረስተው! መደቡ ላይ ትተውት ሊሄዱ!… ምን አሉ? ለዘውዴ? ለበሽተኛው ማልበሻ ይሁን? እንዲህ ያለውን አዲስ ጋቢ? ሰማሽ ሐምዲያ፣ ሰው እንዲህ ነው እንጂ! ያለችውን ከላዩ ላይ አውልቆ! አይሆንም ጌታዬ፣ አይሆንም፣ ስሞት። ነገ ካሚዮኑ መጥቶ ይሄ ጋቢ በእኛ ቤት ቢገኝ ምን ይባላል? የሹም ልብስ የድሃ ቤት ምን ይሠራል? እርስዎን ነው የሚያምርብዎ። ሐምዲያ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ እስቲ። እንዲህ… ትከሻቸው ላይ። አይደለም፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አድርጊው፣ ቀዩ ይታይ። ደግሞ ለእርስዎ ሲሆን ዳር ዳሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ክሩ የትም አልላላም፣ በደንብ ተመርምሯል። እንዴት ያለ ማዕረግ ነው! ሁለት መንገድ አለ ከዚህ ሲወጡ፤ በግራ ወደ ቤትዎ ነው፣ በቀኝ ወደ ጣሊያኑ ቢሮ። ፀሐዩ ገና ነው፣ ለሁለቱም ይደርሳሉ።

በሉ እንግዲህ፣ የታመመ የጠየቀ ሳይመረቅ አይወጣም። ሐምዲያ፣ አንቺም እጅሽን ዘርጊ፣ አሚን በይልኝ። ጋቢው ይለቅ፣ እርስዎ ይቅሩ። በቅሎዎን እግሯን ያጽናልዎ። ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ ባለቤትዎን ያቆይልዎ። ትራስዎን የሰላም ያድርግልዎ። በወጡበት ሁሉ፣ በወረዱበት ሁሉ፣ ዛሬም፣ ነገም መርማሪው ፊት ሲቆሙ… እርስዎ ዓመቱን ሙሉ ለዘውዴ እንደተጠነቀቁለት፣ እግዚአብሔር ለእርስዎም ልክ እንደዚያው አድርጎ ይጠንቀቅልዎ።